ሃሪ ፈርጉሰን፤ ትንሹን ትራክተር ለትልቅ ሥራ ያበቃ ሰው

የሰው ልጅ እንጀራውን የሚያገኘው ከአፈር ነው። ይሁን እንጂ አፈር ፍሬውን የሚሰጠው በከንቱ አይደለም፤ መገልበጥ፣ መፍረክረክ፣ መደልደል፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላው መጓዝ አለበት። ይህም ሥራ ከጥንት ጀምሮ ወገብ የሚያጎብጥና ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ሆኖ ኖሯል።

በሻንቶና በአካባቢዋ የምንኖር ሁሉ ይህን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርነውም። እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው የሚተከልበት መሬት በብዙ ቤት የሚቆፈረው በዶማ ነው። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ጥቂት ነው። በወላይታ የሕዝቡ ብዛት ከፍ ያለ በመሆኑ የብዙ ቤተ ሰብ መሬት ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የክረምቱ ጎርፍ ከተዳፋቱ ላይ ቀዩን አፈር እየጠረገ ወደ ቦረቦር ያወርደዋል። ስለዚህ አፈርን በትንሽ ድካምና በትንሽ ወጪ ማንቀሳቀስ እንዴት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ከያንዳንዱ ቤት ጓሮ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ አንሥቶ ዕድሜውን በሙሉ ሲደክምበት የኖረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ሃሪ ፈርጉሰን ይባላል። በአገራችን እርሻዎች ላይ ማሴይ ፈርጉሰን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ትራክተር ያየ ሰው የዚህን ሰው ስም አብሮ አይቷል ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ማቅረብ የፈለግነው የገበሬ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በድካሙ ምክንያት የእርሻን ሥራ የጠላ ልጅ፣ ያንኑ ድካም ለማቅለል የቻለበትን መንገድ ለመረዳት ይጠቅማል በማለት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል ይሁን።

ሃሪ ፈርጉሰን የተወለደው ኖቬምበር 4 ቀን 1884 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ ዳውን በሚባለው አውራጃ፣ በድሮሞር ከተማ አጠገብ ግሮዌል በምትባል መንደር ነው። ያ አገር ዛሬ ሰሜን አየርላንድ ተብሎ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ይገኛል። ወላጆቹ ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሯቸው። አባቱ 40 ሄክታር ያህል መሬት የሚያርስ ገበሬ ሲሆን በሃይማኖቱ ጽኑዕ፣ በቤቱም ሥርዓት ብርቱ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በአየርላንድ መሬት የሚታረሰው በፈረስ ነው። ፈርጉሰንም በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ እርሻ ላይ ገባ።

ልጁ ግን ሰውነቱ አነስተኛና ቀጭን ስለ ነበረ ከንጋት እስከ ምሽት በጭቃ ውስጥ ፈረስ እየተከተሉ መዋል እጅግ አስመረረው። እንዲያውም በ1902 አገሩን ጥሎ ወደ ካናዳ ለመሰደድ አስቦ ሳለ፣ ጆ የሚባለው ታላቅ ወንድሙ በቤልፋስት ከተማ የብስክሌትና የአውቶሞቢል መጠገኛ ሱቅ ከፍቶ ነበርና ወደ እርሱ ዘንድ ወሰደው። በዚህ ምክንያት ፈርጉሰን ከፈረስ ተላቆ ከሞተር ጋር ተዋወቀ። እጁም ለሞተር የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። የታመመን ሞተር ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ፣ በሞተር ብስክሌትና በአውቶሞቢል ውድድርም የታወቀ ሰው ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

በ1909 በፈረንሳይ አገር በራንስ ከተማ የአውሮፕላን ትርኢት ሲደረግ ሄዶ አየ። ከዚያ በተመለሰ ጊዜም በወንድሙ ሱቅ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን፣ ማለት ዲሴምበር 31 ቀን 1909፣ ነፋስ እየነፈሰ ሳለ በሂልስቦሮ መስክ ላይ አውሮፕላኑን አስነሥቶ 120 ሜትር ያህል በረረ። በአየርላንድ ምድር ላይ በሞተር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሰው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ግን ለወንድሙ ሱቅ ትርፍ ስላላመጣ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ተነሣ፤ ፈርጉሰንም በ1911 ተለይቶ በዚያው በቤልፋስት የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ዊሊ ሳንድስ የሚባል ብልህ መካኒክም አብሮት ይሠራ ነበር። በኋላ በፈርጉሰን ስም ከታወቁት ሥራዎች ብዙዎቹ የዚህ ሰው እጅና አእምሮ የተጨመረባቸው ስለ ሆኑ ስሙን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ አገር እህል የሚያመጡትን መርከቦች ማስጠም ስለ ጀመሩ ረኃብ ያሰጋ ጀመር። መንግሥትም ብዙ መሬት እንዲታረስ አዘዘ። ፈረሶችና ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ ስለ ሄዱ የቀረው ተስፋ ትራክተር ነበር። በ1917 የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ ፈርጉሰንን ጠርቶ በአገሩ ያሉትን ትራክተሮች እየዞረ እንዲመለከትና ሥራቸውን እንዲያሻሽል አደራ ሰጠው። እርሱም ከዊሊ ሳንድስ ጋር ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር ሁለት ትልልቅ ጉድለቶችን አስተዋለ።

የመጀመሪያው ጉድለት ክብደት ነው። ትራክተር ማረሻውን የሚጎትተው ከኋላው በሰንሰለት ወይም በብረት አስሮ ነበር። ማረሻው የራሱ ጎማዎች ያሉት፣ ለብቻው የቆመ ዕቃ ነው። ትራክተሩ መሬቱን ቆንጥጦ ለመጎተት እንዲችል የግድ ከባድ መሆን ነበረበት፤ ከባድ በሆነ መጠን ግን ዋጋው ይወደዳል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ አፈሩንም ረግጦ ያጠብቀዋል። የታረሰው አፈር ተመልሶ ከተጠቀጠቀ ማረሱ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ጉድለት ነፍስ የሚያጠፋ ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ ትራክተሩ ወደ ፊት መሄድ ያቅተዋል። ሞተሩ ግን ኃይሉን አያቆምም። የኋላ ጎማዎቹ አልዞርም ሲሉ የትራክተሩ ግንባር ወደ ላይ ይነሣና መኪናው ወደ ኋላ ተገልብጦ በነጂው ላይ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት አደጋ የሞቱት ነጂዎች ብዙዎች ናቸው።

ፈርጉሰን ከዚህ የደረሰበት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ትራክተሩና መሣሪያው ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን ከሚጎትት ይልቅ እንደ አንድ አካል መሆን አለባቸው አለ። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ ሰው አንድ ኩንታል እህል በገመድ አስሮ መሬት ለመሬት ቢጎትተው ገመዱ እየጎተተ ወደ ኋላ ያንገዳግደዋል። ያንኑ ኩንታል በጀርባው ቢሸከመው ግን ክብደቱ እግሩን ከመሬት ጋር ያጣብቅለታል፤ በረገጠም ቁጥር አይንሸራተትም። ፈርጉሰን ማረሻውን ለትራክተሩ ያሸከመው በዚህ ሐሳብ ነው። በዚያው በ1917 ጎማ የሌለውና በቀጥታ ከትራክተር ጋር የሚገጠም ማረሻ ሠርቶ አሳየ።

ሐሳቡን ወደ ፍጻሜ ለማድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት። የማረሻው ጥልቀት እኩል አልሆን እያለ ደጋግሞ አስቸገረው። በመጨረሻ በ1926 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ዘዴ ችግሩን ፈታው። ይህም ዘዴ የሦስት ነጥብ ማያያዣ የሚባለው ነው። አሠራሩን ባጭሩ እንደሚከተለው እናስረዳ።

ከትራክተሩ በስተ ኋላ ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ክንድ ከላይ ይወጣሉ፤ መሣሪያው በእነዚህ በሦስቱ ይያዛል። ታችኞቹን ክንዶች የሚያነሣቸውና የሚያወርዳቸው ሞተሩ የሚያሠራው የዘይት ፓምፕ ነው። ማረሻው ከታች በአፈር ሲያዝ ላይኛው ጫፉ ወደ ፊት ለማዘንበል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላይኛውን ክንድ ወደ ትራክተሩ ይገፋዋል። ይህ ግፊት ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል የትራክተሩን ግንባር ወደ መሬት ተጭኖ እንዳይነሣ ይከላከላል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድን ሞላ ይጫናል፤ ሞላው የዘይቱን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል። አፈሩ ጠንክሮ ግፊቱ ሲበረታ ዘይቱ ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል፤ አፈሩ ሲላላ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጭነት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፉ ትንሹ ትራክተር እንደ ከባዱ ቆንጥጦ ይጎትታል። ድንጋይ የገጠመው እንደ ሆነ ያ ክብደት ከጎማዎቹ ላይ ይነሣና ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ትራክተሩም ወደ ኋላ አይገለበጥም።

ፈጠራው ይህን ያህል መልካም ቢሆንም የሚሠራው ፋብሪካ ማግኘት ቀላል አልሆነለትም። በ1933 ለሙከራ አንድ ጥቁር ቀለም የተቀባ ትራክተር ሠራ። በ1936 ከእንግሊዙ ፋብሪካ ባለቤት ከዴቪድ ብራውን ጋር ተስማምቶ ትራክተሩ ለገበያ ወጣ። ሆኖም ገበሬው መሣሪያዎቹን ሁሉ እንደ ገና መግዛት ስለ ነበረበት ሽያጩ ቀዘቀዘ፤ የተሠሩትም 1,350 ያህል ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በአሠራሩ ላይ ባለመስማማታቸው ተለያዩ። ፈርጉሰን በባሕርዩ ግትር ነበር። ለንጽሕናና ለሥርዓት በጣም ስለሚጨነቅ በትንሹ ነገር ከሠራተኞቹና ከሸሪኮቹ ጋር ይጋጭ ነበር። ይህ ጠባይ ሥራውን ፍጹም አደረገለት፤ ወዳጅ ግን አሳጣው።

በኦክቶበር 1938 ትራክተሩን በመርከብ አስጭኖ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ሄንሪ ፎርድ ፊት በመስክ ላይ አሳየው። ፎርድ በዚያን ጊዜ የዓለም ታላቅ የአውቶሞቢል ሠሪ ነበር። ባየው ነገር ተደንቆ ከፈርጉሰን ጋር ተስማሙ። ውሉ የተደረገው ያለ ወረቀትና ያለ ፊርማ፣ እጅ ለእጅ በመጨባበጥ ብቻ ነው። በ1939 አዲሱ ትራክተር ወጣ። ለሕዝብ በታየበትም ቀን የ8 ዓመት ልጅ ተቀምጦበት አረሰ፤ ይህም ሥራው ምን ያህል የቀለለ እንደ ሆነ ለማሳየት ነበር። እስከ 1947 ድረስ ከ300,000 በላይ ተሠሩ።

ሄንሪ ፎርድ ሲያረጅና ሥራው ወደ ልጅ ልጁ ሲተላለፍ ግን የእጅ ለእጁ ውል ፈረሰ። አዲሱ ባለ ሥልጣን በ1947 ከፈርጉሰን ጋር የነበረውን ሽርክና አቋርጦ፣ ያንኑ ዘዴ የያዘ ትራክተር በራሱ ስም ብቻ መሸጥ ጀመረ። ፈርጉሰንም 251 ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1952 በስምምነት ሲያልቅ የተከፈለው 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ነው። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። በመተማመን የተደረገ ውል ሁለቱ ሰዎች በሕይወትና በሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ይጸናል፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ግን የተጻፈና የተፈረመ ነገር ያስፈልጋል።

ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1946፣ ፈርጉሰን በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ቲ ኢ 20 የሚባለውን ትራክተር ማሠራት ጀምሮ ነበር። ቀለሙ ግራጫ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ጥቂት ብቻ የሚበልጥ፣ ቁመናውም ትንሽ ነው። እስከ 1956 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርተዋል። ሰር ኤድመንድ ሂላሪ የተባለው፣ ኤቨረስት ተራራን ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዱ፣ በእነዚህ ትናንሽ ትራክተሮች በረዶውን ተሻግሮ በጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደረሰ።

የዚህ ትራክተር ዋና ጥቅም ከማረሻ ሌላ ብዙ ዓይነት መሣሪያ መሸከሙ ነው። በዚያው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ላይ መከስከሻ፣ የሣር ማጨጃ፣ የአጥር ችካል ጉድጓድ መቆፈሪያ፣ አፈር እየዛቀ የሚሸከም ትልቅ አካፋና አፈር የሚገፋና የሚደለድል የብረት ሰሌዳ ይገጠማል። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ፍግና አፈር የሚያነሣ መጫኛ ይደረግለታል። አንዱን አውልቆ ሌላውን ለመግጠም ብዙ ሰው አያስፈልግም። ስለዚህ አንድ ገበሬ አንድ ሞተር ብቻ ገዝቶ ጠዋት ሲያርስ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቦይ ይጠርግበታል፣ መንገድ ይደለድልበታል፣ ኩሬ ይቆፍርበታል። ዛሬ በዓለም ላይ በሚሠሩት ትራክተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የማንም ፋብሪካ ቢሆኑ፣ ይኸው ማያያዣ አለባቸው።

ፈርጉሰን በ1953 ድርጅቱን ማሴይ ሃሪስ ከሚባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር አዋሐደ። ማሴይ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን በ1954 ከሽርክናው ወጥቶ በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ፣ በማንሸራተቻ መንገድ ላይ የማይስት አውቶሞቢል ለመሥራት ተነሣ። ይህን ሳይጨርስ ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በ75 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር በቤቱ ሞተ። እርሱ ከሞተ አንድ ዓመት ሳይሞላ በሐሳቡ የተሠራው የእሽቅድምድም መኪና በ1961 በእንግሊዝ አገር ውድድር አሸነፈ።

ፈርጉሰን በሕይወቱ ደጋግሞ ያስተማረው ነገር የድህነት ሥር የምግብ መወደድ ነው የሚል ነበር። ትንሹ ገበሬ ርካሽና ጥሩ መሣሪያ ካገኘ እህል ይረክሳል፣ ድኻም ይጠግባል ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአገራችን የታየው ታሪክ አንድ ነገር ይጨምርበታል። በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ የእርሻ ትርፍ ከፍ ሲል ባለ ብዙ መሬት የሆኑ ጌቶች ትራክተር ገዝተው በራሳቸው ማረስ ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ። ትራክተሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሳይታሰብ መኪናው ቀድሞ መግባቱ ነው። ጭሰኝነት የቀረው በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። በእኛም አገር በ1970 የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ዋና ሥራው ለትንሹ ገበሬ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ማቅረብ ነበር።

እንግዲህ የፈርጉሰን ታሪክ ለሻንቶ ምን ይላል? የግማሽ ሄክታር ባለቤት ለብቻው ትራክተር ሊገዛ አይችልም፤ ቢገዛም መሬቱ ለመኪናው መዞሪያ እንኳ አይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ደቦ የለመደ ሕዝብ አንድን ትንሽ ሞተርና ብዙ መሣሪያዎቹን በኅብረት ሊይዝ ይችላል። ዶማ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ይልቅ ጉልበት የሚጨርሰው አፈር ማጓጓዝ ነው። ቦረቦርን ለመክተር፣ እርከን ለመደልደል፣ የመንደር መንገድ ለመጥረግና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ ለመቆፈር የሚያስፈልገው አፈር ብዙ ነው፤ መኪናው ከሁሉ በፊት ሊያግዝ የሚገባው በዚህ ነው።

ይህንም ሲያደርጉ መጠበቅ ያለበት ሥርዓት አለ። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻው ይነሣና ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ከተደለደለ በኋላ ጥቁሩ ተመልሶ ከላይ ይለብሳል። ሁለቱን የደባለቀ ሰው በአንድ ቀን የሠራውን ስሕተት በብዙ ዓመት ፍግ አይመልሰውም። አፈር ጭቃ ሳለ አይነካም፤ ጎማ የረገጠው ጭቃ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። እርከን የሚሠራው በተዳፋቱ አግድም፣ የውሃ ልክ ተለክቶ ነው። በአካፋው የተጫነ አፈር ከፍ ተደርጎ አይነዳም፤ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ መሄድ አለበት። በጣም ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ደግሞ ትራክተር ፈጽሞ አይውጣ፤ የፈርጉሰን ማያያዣ ወደ ኋላ መገልበጥን ይቀንሳል እንጂ ወደ ጎን መገልበጥን አያስቀርምና። እንዲህ ያለውን ቦታ ለዶማና ለሰው እጅ መተው ብልኅነት ነው።

የተከበራችሁ ተማሪዎች፤ ሃሪ ፈርጉሰን ከእርሻ የሸሸው ድካሙን ጠልቶ ነው። በከተማ ሞተርን ተማረ፤ የተማረውን ይዞ ግን ተመልሶ ወደዚያው እርሻ ገባ። ከኛም መካከል ዶማ ሰልችቶት ወደ ከተማ የሚመኝ ብዙ ነው፤ ምኞቱም የሚያስነውር አይደለም። የሚጠየቀው ከተማ ገብቶ ያገኘውን ዕውቀት ለማን ያውለዋል የሚለው ነው። የወላጆቻችን ጀርባ የጎበጠው እኛን ለማስተማር ነው። ፊዚክሱን ስንማር፣ የማንሻን፣ የሞላንና የዘይትን ግፊት ሕግ በደብተራችን ስንጽፍ፣ የሚያርፍበት ቦታ የነርሱ ጓሮ መሆኑን ብናስብ ትምህርቱም ይጣፍጠናል፣ አፈሩም በቦታው ይኖራል።